የብረት ልባስን ማንሣት፤ ከደብረ ታቦር የቤት ክዳን እስከ ኬሚካል ሪአክተር

ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ከአንዳንድ ጋዞች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጉዳቱ ከዝገት የከፋ ይሆንና ጠንካራው ግድግዳ ከውስጥ ተበልቶ ወደ ዱቄትነት ሊለወጥ ይችላል። ይህን ጉዳት ለመግታት ብረቱን በሌላ ብረታ ብረት ስስ ሽፋን መሸፈን ከተለመዱት መከላከያዎች አንዱ ሲሆን፣ ይህ ሽፋን በሙያው ልባስ ይባላል። ስለ ልባስ አቀባብ ብዙ ተጽፏል፤ ሆኖም ልባሱ የሚነሣበት ጊዜም አለ። ሲያረጅ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ሲመረመር፣ መሣሪያው ሲበየድና ሲጠገን፣ ወይም ውድ የሆነው የልባስ ማዕድን ለሌላ ሥራ ሲፈለግ፣ ልባሱን ከተሸከመው አካል፣ አካሉን ሳይጎዱ፣ መለየት ያስፈልጋል። ይህ ልባስን የማንሣት ሥራ ልባስ ከመቀባት ያላነሰ ዕውቀት የሚጠይቅ ሙያ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተመሠረተች የደቡብ ጎንደር ከተማ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ይገኛል። ከተማዋ ከብረታ ብረት ሥራ ጋር ያላት ትስስር የቆየ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በጋፋት፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ጨምሮ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪስቾና ተቋም የመጡ ሚሲዮናውያንንና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ አስቀልጠው አሠርተዋል። ከነዚህ መድፎች ትልቁና 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ድረስ ተጎትቶ ወጥቷል። የጋፋት ሠራተኞች ከማቅለጥ ሥራቸው ጋር የተጋፈጡት ጥያቄ፣ ማለትም አንድ ብረታ ብረት በእሳት ውስጥ ምን ይሆናል፣ የሚይዘውስ ዕቃ ሳይበላ እንዴት ይቆያል የሚለው፣ ዛሬም በኬሚካል ኢንዱስትሪ ውስጥ መልስ የሚፈለግለት ጥያቄ ነው።

በዚህ አካባቢ የልባስ ጥቅም ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በቤት ክዳን ላይ ነው። በደጋው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለማቋረጥ የሚወርደው ዝናብ ያልተሸፈነ ብረትን በአጭር ጊዜ ያዝገዋል፤ ስለዚህ በገበያ ላይ ቆርቆሮ ተብሎ የሚሸጠው የጣሪያ ክዳን በውስጡ ብረት፣ በውጩ ግን ስስ የዚንክ ልባስ የተላበሰ ነው። ብረትን በዚንክ የመሸፈን ዘዴ በፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ስም በእ.ኤ.አ. 1837 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር የጸዳው ብረት ወደ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። በዚያን ጊዜ ሁለቱ በሚነካኩበት ወሰን ላይ ተዋሕደው የብረትና የዚንክ ቅይጥ ንብርብሮች ይፈጥራሉ፤ ከነዚህ በላይ ደግሞ ንጹሕ ዚንክ ይቀራል።

ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውሃና አየር ከብረቱ እንዳይደርሱ መጋረዱ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ልዩ የሚያደርገው ዚንክ ከብረት ይልቅ በቀላሉ የሚበላ በመሆኑ ልባሱ ቢጫርና ብረቱ ቢገለጥ እንኳ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ማዳኑ ነው። በጣሳ ላይ የሚገኘው ቲን ግን በዚህ ይለያል። ቲን በውጭ አየር የሚጠብቀው ጋርዶ ብቻ ስለሆነ ልባሱ በአንድ ቦታ ከተፋቀ ብረቱ በዚያ ቀዳዳ ይዝጋል። ይህ ልዩነት ልባሱን ለማንሣት በሚታሰብበት ጊዜም ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ልባሱንና ብረቱን ለመለየት የሚመረጠው ኬሚካል የሁለቱን የመበላት ባሕርይ ልዩነት መሠረት ያደርጋል።

ልባስን የማንሣት ቀላሉ ምሳሌ የጥራት ቁጥጥር ነው። የቤት ክዳን በገበያ የሚመደበው በጌጅ ነው፤ ጌጅ ግን የሚናገረው ስለ ቆርቆሮው ውፍረት እንጂ በላዩ ስላለው የዚንክ መጠን አይደለም። የዚንኩን መጠን በእርግጥ ለማወቅ በልክ የተቆረጠ ናሙና ይመዘናል፣ ከዚያም የብረቱን መበላት የሚያዘገይ ንጥረ ነገር በተጨመረበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ዚንኩን ሲያሟሟ የሃይድሮጅን አረፋ በኃይል ይወጣል፤ ዚንኩ አልቆ አሲዱ ብረቱ ላይ ሲደርስ አረፋው ይበርዳል፣ ይህም ለሠራተኛው የማቆሚያ ምልክት ነው። ናሙናው ታጥቦና ደርቆ እንደገና ሲመዘን የጎደለው ክብደት የልባሱ ክብደት ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በሁለት ገጹ በድምሩ 100 ግራም ዚንክ ከተሸከመ፣ የዚንክ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.14 ግራም በመሆኑ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያለው ልባስ ውፍረት 7 ማይክሮ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ሰባት እጅ ገደማ ነው። የአንድ ቤተሰብ ክዳን ለስንት ክረምት እንደሚቆይ በአብዛኛው የሚወስነው ይህ በዓይን የማይለይ ውፍረት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የሚገኘው ነው። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቱቦ ወይም ላሜራ በሚበየድበት ጊዜ የብየዳው እሳት ከዚንኩ አቅም በጣም ይበልጣል፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይተናል፣ ብረት ግን ለመቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ በፊት ዚንኩ ይተንና ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነጭ ጢስ ይሆናል፤ ይህ የዚንክ ኦክሳይድ ጢስ ሲተነፈስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ማለትን፣ ትኩሳትንና የሰውነት መቆረጣጠምን ያመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። በየአገሩ የብየዳ ሠራተኞች ጢሱን በወተት ለመከላከል ይሞክራሉ፤ የሚያስተማምነው ግን ሥራውን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ማከናወን፣ ተገቢውን የመተንፈሻ ጭንብል ማድረግና ከሁሉ በፊት በሚበየደው ቦታ ዙሪያ ያለውን ዚንክ በሽቦ ብሩሽ፣ በሞረድ ወይም በመፍጫ ማንሣት ነው። እንዲህ ሲደረግ ጢሱ ይቀንሳል፤ ብየዳውም ከእንፋሎቱ ከሚመጡ ቀዳዳዎች ይድናል። ከብየዳው በኋላ የተገለጠው ቦታ ዚንክ በብዛት ባለው ቀለም እንደገና ካልተቀባ ግን ዝገቱ ከዚያው ቦታ ይጀምራል።

የልባስ አነሣሥ ሙያ እጅግ የሚረቀቀው በኬሚካል ሪአክተር ውስጥ ነው። ሪአክተር ማለት ጥሬ ዕቃዎች በታወቀ ሙቀትና ግፊት ተዋሕደው ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡበት የታሸገ ዕቃ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚሠሩት የማሞቂያ ምድጃ ቱቦዎች፣ የሙቀት መለዋወጫዎችና መገናኛዎችም በዚሁ ሥራ ይካተታሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ዓይነት መሣሪያ ከተጠቀሙት ውስጥ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተሠርቶ በእ.ኤ.አ. 1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሊጠቀስ ይችላል፤ በአሁኑ ጊዜም በአዋሽ መልካሳ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ አለ። በሁሉም ዘንድ የመሣሪያው ግድግዳ ከውስጡ ከሚያልፈው ጋር የሚያደርገው ትግል አንድ ነው።

ይህን ትግል ከሚያሳዩት ሁሉ ግልጹ ናፍታ የተባለውን ቀላል የድፍድፍ ነዳጅ ክፍል ወደ መኪና ቤንዚንና ለኬሚካል ሥራ ወደሚውሉ እንደ ቤንዚን (benzene) እና ቶሉይን ያሉ ንጥረ ነገሮች የመለወጥ ሥራ ነው። ቭላዲሚር ሄንሰል የተባለው ኬሚስት ፕላቲነምን እንደ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ውሕደትን እንደሚያፋጥን ንጥረ ነገር፣ በመጠቀም የፈጠረው ዘዴ በእ.ኤ.አ. 1949 በአሜሪካ ሚቺጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ ሥራ ዋለ። ሥራው የሚከናወነው ወደ 500 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀትና ሃይድሮጅን ባለበት ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት አዳዲስ ካታሊስቶች፣ በተለይ ኤል ዜኦላይት በተባለ ቀዳዳማ ማዕድን ላይ ፕላቲነም የተቀመጠባቸው፣ ብዙ ምርት ቢሰጡም ድኝን ፈጽሞ አይታገሡም፤ የጥሬ ዕቃው ድኝ ከቢሊዮን እጅ ጥቂት እጅ እስኪሆን ድረስ መጽዳት ነበረበት።

ድኝ መጽዳቱ ግን ያልተጠበቀ ችግር አመጣ። ጥቂት ድኝ በብረቱ ገጽ ላይ ተቀምጦ ካርቦን ወደ ብረቱ እንዳይገባ ያግድ ነበር፤ ድኙ ሲጠፋ ገላጣው ብረት ካርቦንን መምጠጥ ጀመረ። በብረቱ ውስጥ የበዛው ካርቦን ብረቱን ያሻክረዋል፣ ያሰብረዋል፣ በመጨረሻም ጠንካራውን ግድግዳ ወደ ካርቦንና ወደ ደቃቅ የብረት ዱቄት ይበትነዋል። ይህ ዱቄት ሌላ ካርቦን እንዲከማች ስለሚያፋጥን ቱቦው ከመበሳቱም በላይ መተላለፊያው በጥላሸት ሊደፈን ይችላል። ለዚህ ችግር ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ የተገኘው መፍትሔ የመሣሪያዎቹን ውስጠኛ ገጽ በቲን መቀባት ነው። ቲን ያለበት ቀለም በብረቱ ላይ ከተቀባ በኋላ ሃይድሮጅን ባለበት ከፍተኛ ሙቀት ይሞቃል፤ ቲኑም ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ስታናይድ የተባሉ የብረትና የቲን ውሁዶችን የያዘ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የማያልፍ ልባስ ይሠራል። ብረቱ ክሮምና ኒኬል ያለው የማይዝግ ብረት ከሆነ ከልባሱ ሥር ኒኬል የጎደለውና ክሮም የበዛበት ማያያዣ ንብርብር ይፈጠራል። ቀለም በትከሻ ላይ እንደተጣለ ጋቢ በቀላሉ ሊገፈፍ ይችላል፤ ይህ ልባስ ግን ከተሸከመው ብረት ጋር በውሕደት የተያያዘ በመሆኑ ማንሣቱ ልብስ እንደማውለቅ አይቀልም።

ከዚህ ልባስ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ክፍል ገና መሣሪያው ሥራ ሳይጀምር የሚነሣው ነው። በሙቀቱ ጊዜ ከብረቱ ጋር ያልተዋሐደ ትርፍ ቲን ስለሚቀር፣ ይህ ቲን በሥራ ጊዜ ተነሥቶ በካታሊስቱ ላይ ቢቀመጥ ፕላቲነሙን ያደክማል። ስለዚህ ካታሊስቱ ከመግባቱ አስቀድሞ መሣሪያው በጥቂት ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይታከማል፤ ትርፉ ቲን ወደሚተንና ወደሚጓዝ የቲን ክሎራይድ ተለውጦ በጋዙ ታጅቦ ይወጣል፣ ከመሣሪያው በታች በተዘጋጀ ማጥመጃም ይያዛል። ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ልባስ በአንጻሩ በቦታው ይቀራል፤ እንዲቀርም የሙቀቱና የጋዙ መጠን በጥንቃቄ ይመጠናል።

ልባሱ በሙሉ እንዲነሣ የሚደረገው ደግሞ ሲያረጅና ሲሰነጠቅ፣ አዲስ ልባስ በአሮጌው ላይ ሳይጣበቅ ሲቀር፣ ወይም መሣሪያው እንዲቆረጥና እንዲበየድ ሲፈለግ ነው። ቲን በ232 ዲግሪ የሚቀልጥ በመሆኑ በብየዳ ሙቀት ወደ ብረቱ የቅንጣት ወሰኖች ዘልቆ ስንጥቅ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የሚበየደው ቦታ ከልባስ መጽዳቱ ግዴታ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ሜካኒካዊ ሲሆን በአሸዋ መሰል ደቃቅ ቅንጣቶች በኃይል መምታትን፣ መፍጨትንና መቦረሽን ያካትታል፤ ፈጣንና ቀላል ቢሆንም ጠባብ ቱቦ ውስጥ አይደርስም፣ ያለ ልዩነትም ብረቱን ጭምር ይበላል። ሁለተኛው አሲድ ወይም አልካሊ ባለው ፈሳሽ ማሟሟት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልባሱን በጋዝ ወደ እንፋሎት መለወጥ ሲሆን በመሣሪያው ጠመዝማዛ ውስጥ ሁሉ የመድረስ አቅም አለው።

በኬሚካል መንገድ ልባስን የማንሣት ሥራ ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ መሣሪያው ከነዳጅና ከጥላሸት ይጸዳል፤ ቅባት ወይም ካርቦን ባለበት ቦታ ላይ አሲድ ልባሱን አያገኘውም። ቀጥሎ የብረቱ ዓይነትና የግድግዳው ውፍረት ይለካል፤ ውፍረቱን ከአንድ ወገን ብቻ ለመለካት በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ ይጠቅማል። ከዚያም ማሟሟያው ከመሣሪያው ብረት በተቆረጠ ናሙና ላይ ይሞከራል፣ ጊዜውም በዚሁ ይወሰናል። በሥራው ጊዜ በፈሳሹ ውስጥ ያለው የቲንና የብረት መጠን እየተመረመረ ቲኑ መጨመሩን ሲያቆምና የብረቱ መጠን ሲጨምር ሥራው ይቋረጣል። በመጨረሻ መሣሪያው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ውፍረቱ እንደገና ይለካል፤ ስንጥቅ መኖሩም ዘልቆ በሚገባ ቀለም ይመረመራል። የግድግዳው ውፍረት ግፊቱን ለመቋቋም ከሚፈለገው በታች ከወረደ፣ ልባሱ ቢነሣም መሣሪያው ወደ ሥራ አይመለስም።

ከእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ መታጠቡ ቀላል መስሎ ቢታይም መሣሪያውን የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው እርሱ ነው። 18 በመቶ ክሮምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው የተለመደው የማይዝግ ብረት ክሎራይድ በላዩ ከቀረ፣ ሙቀትና ውጥረት ሲጨመርበት በማይታዩ ቅርንጫፋማ ስንጥቆች ይሰነጠቃል፤ ድኝ ያለበት ቅርፊት አየርና እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ብረቱን በሌላ መንገድ የሚሰነጥቅ አሲድ ይፈጥራል። ስለዚህ መሣሪያው ሳይከፈት ሶዲየም ካርቦኔት በተሟሟበት ውሃ ይታጠባል፤ ይህም አሲዱን ያረግባል። ጥንካሬያቸው የበዛ ብረቶች ላይ ደግሞ በአሲዱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ገብቶ እንዳያሰብረው ጊዜውን ማሳጠርና ብረቱን ከሥራው በኋላ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከአሲዱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ራሱ ተቀጣጣይ ጋዝ በመሆኑ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ መከማቸቱ ለሠራተኛው ሕይወት አደጋ ነው።

ልባሱ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ነገር ደግሞ ሀብትም አደጋም ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ የነበረው የጎልድሽሚት ኩባንያ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከጣሳ ቁርጥራጭ ቲንን በደረቅ የክሎሪን ጋዝ አንሥቷል። እርጥበት የሌለው ክሎሪን በዝቅተኛ ሙቀት ብረትን እምብዛም አይነካም፤ ቲንን ግን በ114 ዲግሪ ወደሚፈላ ፈሳሽ ክሎራይድ ይለውጠዋል፣ ብረቱም ለማቅለጫ ምድጃ የሚበቃ ንጹሕ ይሆናል። ጋዙ ጥቂት እርጥበት ከነካው ግን ብረቱንም መብላት ስለሚጀምር መላው ሥራ በማድረቁ ላይ የተመሠረተ ነበር። በተመሳሳይ ዘመን ኮስቲክ ሶዳ በተሟሟበት ሙቅ ውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ቲንን ማሟሟትና በሌላው ዘንግ ላይ እንደገና ማከማቸት ተስፋፍቷል። በሁለቱም መንገድ የተጣለ ብረታ ብረት ቆሻሻ ከመሆን ድኖ ሁለት ጥቅም የሚሰጥ ዕቃ ሆኗል።

አደጋው ያለው የተለየው ፈሳሽ በሚጣልበት ቦታ ነው። ዚንክ ክሎራይድና ቲን ክሎራይድ የያዘ አሲድ ወደ ጉድባ ወይም ወደ ወንዝ ቢፈስ ከቦታው አይጠፋም፤ ከጉና አካባቢ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ፎገራን አቋርጠው ጣና ሐይቅ ውስጥ እንደሚገቡ ሁሉ፣ በደጋው የሚፈስሰው ነገር ሁሉ ከታች ባለው ሜዳ ለሚኖረው ሩዝ አምራችና ዓሣ አስጋሪ ሊደርስ ይችላል። አሲዱን በኖራ ወይም በሌላ አልካሊ ማርገብ የተሟሟውን ዚንክ ወደ ዝቃጭነት ይለውጠዋል፤ ዝቃጩ ተለይቶ ከተያዘ የውሃው ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል። በአነስተኛ ሥራ ቤትም ቢሆን ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ታንከር፣ ኖራና የፒኤች መለኪያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ጥቅሙን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ልባስን የማንሣት ሙያ በአንድ ሐሳብ ሊጠቃለል ይችላል፤ እርሱም ሁለት ነገሮችን አዋሕዶ ያገናኘ ሰው መለያየታቸውንም አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል የሚል ነው። በሪአክተር ግድግዳ ላይ ቲን የሚቀባ መሐንዲስ ልባሱ እንዴት እንደሚነሣ ካልመረመረ መሣሪያውን ከአንድ ጥገና በላይ ሊያስቀጥለው አይችልም፤ ዚንክ የተቀባ ቱቦ የሚበይድ ወጣትም ዚንኩን አንሥቶ እንደገና መመለስን ካልተማረ ጤናውንና የሥራውን ዕድሜ አብሮ ያጎድላል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ብየዳና ብረታ ብረት ለሚማሩ ወጣቶች ልባስን የመለካት፣ የማንሣት፣ ተረፈ ምርቱን የማርገብና መልሶ የመቀባት ትምህርት በአንድ ተከታታይ ሥራ ሆኖ ቢሰጥ፣ ከጣሪያ ክዳን እስከ ፋብሪካ ሪአክተር ድረስ የሚዘረጋ ዕውቀት በእጃቸው ይገባል። ጋፋት ላይ ብረታ ብረትን በእሳት ያቀለጡ ባለሙያዎች በነበሩበት አገር ይህ ዕውቀት እንግዳ ሊሆን አይገባውም።